ሃያ ሦስት ፍሬ

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቆርቆሮ ሲዳስስ፣
የሆጤ ውሻ ጮሆ፣ ደክሞት ሲመለስ፣
ይመር ያንኮራፋል፤
ሲሚንቶ እንደ ጫነ ሲኖ
የሐረጎን ዳገት በአንደኛ ማርሽ ይዞ
እያጓራ፣ እየጎተተ፣ ወገቡ ተይዞ፣
መጠምዘዣው ላይ ሲደርስ
ቀጥ።

ዳገት መሃል ላይ ሞተር ጠፋ ማለት
ምን እንደሆነ የሹፌር ሚስት ታውቃለች፤
ረዳት ታኮ ይዞ ከጋቢና እስኪዘል
ነፍስ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች።

የዚህ ቤት ረዳት እኔ ነኝ። ታኮዬም ክርኔ።
ሙስበሃዬን ከትራስ ሥር አወጣለሁ፤
ለዚክር አይደለም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣
ያልተነፈሰውን እቆጥርበታለሁ።
አምስት ፍሬ። ዘጠኝ። አሥራ አራት። ሃያ።
ሃያ ሦስት ላይ ጎኑን እደስቃለሁ።
ግድብ እንደ ጣሰ የቦርከና ጎርፍ
አየሩ እያገሳ ደረቱን ይሞላል።
"ምን ሆነሻል አንቺ?" ይላል ተቆጥቶ፤
ሞቶ የተመለሰው እሱ፣ ተጠያቂዋ እኔ።
ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞርና
ደግሞ ይሄዳል።

ጎረቤቴ ዘሀራ "ዱካክ ነው" አለችኝ፣
"ከራስጌው ብረት አኑሪ።" አኖርኩ።
ብረቱ ዛገ፣ ዱካኩ አልሄደም።
አማቴ ግን ሳቀች፦
"ወንድ ነው የሚያንኮራፋ! እንቅልፍ የጠገበ!
የአባቱማ ገራዶ ድረስ ይሰማ ነበረ፤
በሃምሳ ዓመቱ፣ ምን ያደርጋል፣
እንደተኛ ቀረ።"
ይህን ስትል ሽንኩርት ትልጥ ነበር።
ቢላዋዋ አልቆመም። የእኔ እጅ ቆመ።

እንቅልፍ የጠገበ ሰው
ለምን ጠዋት ራሱን በሽቦ እንደታሰረ ይነሳል?
ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካው በር ላይ፣ ወረፋ ሲጠብቅ
ለምን ግንባሩ መሪው ላይ ይደፋል?
ጫቱን ጨመረ። ጫት እንቅልፍ ያባርራል እንጂ
እንቅልፍ አይሆንም።

አንድ ማታ ረዳቱ ከማል በር ላይ ቆሞ
ጫማውን እያየ፣ "ጋሼ ዛሬ ተኝቶ ነዳ፤
መሪውን ያዞርኩት እኔ ነኝ" አለኝ።
ሻይ ሰጠሁት።
ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ሲነጋገር ሰማሁ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። አንገቱን እንደ ልብስ ሰፊ ለካችው፤
አርባ ስድስት። ከዚያ እሱን ትታ እኔን ጠየቀች።
"ሃያ ሦስት ፍሬ" አልኳት። ብዕሯን አስቀመጠች።
"ሲተኛ" አለች፣ "የጉሮሮው ሥጋ ይላላል፣
እንዳረጀ የውሃ ጎማ እርስ በርሱ ይጣበቃል።
ደረቱ ይጎትታል፣ አየሩ ግን አያልፍም፤
አንጎሉ ደንግጦ ይቀሰቅሰዋል፣ እሱ አያስታውስም።"
አዲስ አበባ ላከችው። ሽቦ ተለጥፎበት አደረ።
በሰዓት አርባ ጊዜ።
በሰባት ሰዓት ማባዛት ጀመርኩና
ተውኩት።

በጎኑ እንዲተኛ ሸሚዙ ጀርባ ላይ
የልጄን የካልሲ ኳስ ሰፋሁበት።
ጮማው ቀረ፣ ጫቱ ቀረ፣
ማሽኑ ግን የሁለት ጎማ ዋጋ በላ።
የመጀመሪያው ሌሊት ጭንብሉን ወረወረው፤
"ይሄ ሊሞት ላለ ሰው ነው!"
"አዎ" አልኩት።
አንስቼ መልሼ አጠለቅሁለት።

ትናንት መብራት ሄደ።
ይመር በዚያ ብርድ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ወጣ፤
የሲኖውን ባትሪ ፈትቶ አልጋው ሥር አመጣ።
ሊገድለው የነበረ መኪና
እስኪነጋ ተነፈሰለት።

እኔ ግን አልተኛሁም። ዝምታው ከበደኝ።
ጣቴ ልማዱን አልተወም፤
ሃያ ሁለት… ሃያ ሦስት…
ክርኔ ተነሳ። አየሩ እየሄደ ነው።
ክርኔን መለስኩ።
በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳር
አንዴ እሺ ብሎኝ የማያውቅ ሰው፣
አፍንጫው ላይ ያሰረው ነገር
ሌሊቱን ሙሉ፣ በጨለማ፣
እሺ… እሺ… እሺ… ይለኛል።